ገበያ የሄደው እንቁላል

በገጠር የገበያ ቀን ማለዳ መንገዱ ገና በጠዋቱ ይሞላል። አንዱ ጤፉን በአህያ ጭኖ፣ ሌላው በግ እየነዳ፣ ሌላዋ ቅቤዋን በቅል አድርጋ ወደ ከተማ ያመራሉ። ከመካከላቸው በገለባ መሐል በጥንቃቄ የደረደሩትን እንቁላል በቅርጫት የያዙ እናቶች አይጠፉም። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በቅርጫቱ ውስጥ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና እና ዘይት አለ። ደጃፍ ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ሕፃን ደግሞ ከነጠላ ጫፍ ተፈትቶ አንድ ብስኩት ወይም ከረሜላ ይሰጠዋል። ልጁ ይደሰታል፤ እናትም ደስታውን አይታ ትረካለች።

በዚህ ልውውጥ ውስጥ ግን ልብ ያልተባለ ኪሳራ አለ። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ከዚያም ላይ ለሰውነት ዕድገትና ለአዕምሮ ግንባታ የሚያስፈልጉ ቫይታሚኖችና ማዕድናትን ይዟል። ብስኩቱ በአመዛኙ ፉርኖ ዱቄትና ስኳር ነው። ለሕፃኑ የሚበጀው ከቤት ወጥቶ ተሸጠ፤ የማይበጀው በገንዘብ ተገዝቶ ገባ።

አርሶ አደሩ ልጁን የሚመግበው አጥቶ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ለልጁ የሚያስፈልገው ነገር በገዛ ደጁ እየበቀለ፣ እየተፈለፈለና እየታለበ በልጁ አጠገብ አልፎ ይሄዳል። “በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል” እንደሚባለው ነው።

ጎተራው ሞልቶ የልጅ ሳህን ሲጎድል

የአማራ ክልል በጤፍ፣ በበቆሎ፣ በስንዴ፣ በሽንብራና በባቄላ ምርት ከሀገሪቱ ቀዳሚ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነው። ጎጃም በትርፍ አምራችነቱ፣ ፎገራ በሩዙ፣ በሽንኩርቱና በቲማቲሙ፣ ጣና በዓሣው ይታወቃሉ። ይሁን እንጂ ክልሉ በሕፃናት መቀንጨርም ስሙ ከፊት ከሚነሱት መካከል ነው።

በ2003 ዓ.ም በተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በክልሉ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 52ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ቁጥሩ በ2008 ዓ.ም ወደ 46፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ ወደ 41 ዝቅ ብሏል። መሻሻሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም የሀገሪቱ አማካይ 37 በመቶ መሆኑ ሲታይ፣ ብዙ እህል የሚያመርት ክልል ከአማካዩ በታች መቆሙ ጥያቄ ያስነሳል።

መልሱ የሚገኘው በእህሉ ብዛት ሳይሆን በምግቡ ዓይነት ላይ ነው። ጎተራው በጤፍና በበቆሎ ሲሞላ የቤተሰቡ ሆድ ይሞላል፤ የሕፃን ሰውነት ግን በእህል ብቻ አይገነባም። የሥርዓተ ምግብ ባለሙያዎች ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን በቀን ከስምንት የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን ማግኘት እንዳለበት ይመክራሉ። ምድቦቹም የእናት ጡት ወተት፣ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬና የቅባት እህሎች፣ ወተትና የወተት ውጤቶች፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለፀጉ አትክልትና ፍራፍሬዎች እንዲሁም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች ናቸው። በ2011 ዓ.ም በተደረገው ጥናት በሀገር ደረጃ በዚህ ዕድሜ ካሉ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የማይታይ ጉዳት

መቀንጨር እንደ ወባ ወይም እንደ ተቅማጥ ልጁን ድንገት አይጥለውም። የቀነጨረ ልጅ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ጥጃ ይጠብቃል። ከዕድሜው አጥሮ ሲታይ እናቱን ወጥቶ ነው ይባልና ይታለፋል። በመንደሩ ያሉት እኩዮቹ ሁሉ እንደ እርሱ አጭር ከሆኑ ደግሞ ማነጻጸሪያ ስለሚጠፋ ጉዳቱ ጭራሽ አይታወቅም።

ጉዳቱ ግን ከቁመት ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ቀናት፣ ማለትም ከፅንሰት እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ፣ አዕምሮ በፍጥነት የሚገነባበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ የጎደለውን በኋላ አሟልቶ መካስ እጅግ ከባድ ነው። በዚህ ዕድሜው የተጎዳ ልጅ ትምህርት የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል፤ በሽታ ይደጋግመዋል፤ ሲያድግም የሥራ ጉልበቱ ያነሰ ይሆናል። በሀገራችን የተደረገ የረሃብ ዋጋ ጥናት እ.ኤ.አ በ2009 የሕፃናት የምግብ እጥረት ኢትዮጵያን ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርቷ 16 ነጥብ 5 በመቶ ያህል እንዳሳጣት አመልክቷል።

መንግሥትም ሐምሌ 2007 ዓ.ም በዋግ ኽምራዋ ከተማ ስም የተሰየመውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይፋ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ቃል ኪዳኑ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ እስከ 2030 ለማስቀረት ያለመ ሲሆን፣ መነሻውን ያደረገው በአማራና በትግራይ ክልሎች በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ነው። ኃላፊነቱ ለጤናው ዘርፍ ብቻ የተተወ አይደለም። ግብርና፣ ውኃና ትምህርትም ድርሻ አላቸው።

እንቁላሉ ለምን ይሸጣል?

እናቶችን መውቀስ መፍትሔ አይሆንም። በአብዛኛው የገጠር ቤት ጤፉና ከብቱ ሲሸጥ ገንዘቡ የሚገባው በአባወራው እጅ ነው። እንቁላልና ቅቤ ግን የእናት ኪስ ናቸው። የዕለቱ ጨው፣ የልጁ ደብተር፣ የእድርና የማኅበር መዋጮ የሚሸፈነው ከዚያ ነው። እንቁላሉን ለልጇ የቀቀለች እናት ለደብተሩ እጇ ያጥራታል። በመሆኑም እንቁላሉ ቤት እንዲቀር ከተፈለገ አባወራው ከሰብሉ ሽያጭ ለቤቱ ወጪ ድርሻ መመደብ አለበት። ይህ የባልና የሚስት ምክክር የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ሌላው ምክንያት ልማድ ነው። ሕፃን እንቁላልና ሥጋ ሆዱ አይችለውም የሚል እምነት በብዙ አካባቢ አለ። ነገር ግን ስድስት ወር የሞላው ሕፃን በደንብ የበሰለና የላመ እንቁላል፣ ጉበት፣ ሥጋም ሆነ አጥንቱ የተለቀመለት ዓሣ መመገብ ይችላል።

ጾምም የራሱ ተፅዕኖ አለው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ሆኖም በብዙ ቤት በጾም ወራት ለልጁ ለብቻው ወተትና እንቁላል አይዘጋጅም። እናቲቱ ድስቱና ማንኪያው ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ስለምትሰጋ ልጁም አብሮ ይጾማል። የዓመቱ ግማሽ ያህል ቀናት በጾም የሚያልፉ በመሆናቸው፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ይህ ከዕድገት ዘመኑ ከፍ ያለውን ድርሻ ይወስድበታል። ለልጁ ማብሰያ የሚሆን አንዲት ትንሽ ድስትና የራሱ ሳህን ለይቶ ማስቀመጥ ለዚህ ቀላል መላ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከባለሙያው አሠራር የሚመጣ ነው። አንድ ቤት ሁለት አማካሪዎች አሉት። የግብርና ባለሙያው አባወራውን ማሳ ላይ አግኝቶ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና በሄክታር ስለሚገኝ ኩንታል ያማክረዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እናቲቱን ቤቷ አግኝታ ስለ ገንፎና ስለ ክትባት ትነግራታለች። እናቲቱ ካሮትና እንቁላል ስጪ ስትባል ካሮቱን የሚዘራ፣ እንቁላሉን የሚያስቀር ውሳኔ በእጇ ላይሆን ይችላል። አባወራው ደግሞ የሚዘራውን ሲወስን ልጁ ስለሚበላው ያነሳለት የለም። ሁለቱ ባለሙያዎች ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ቢያማክሩ ብዙ ይቀየራል።

የዶሮዎቹ ሒሳብ

የሀገር ዝርያ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። አምስት ዶሮ ያለው ቤተሰብ በሳምንት የሚያገኘው ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል ቢሆን ነው። ለመታቀፍ የሚቀረው ሲቀነስ ለገበያም ለልጅም አይበቃም። እናቲቱ ልጇን ትታ ገበያን የመረጠችው ከዚህች ጥቂት ላይ ነው።

የተሻሻሉ ዝርያዎች ግን ተገቢውን መኖና ክትባት ካገኙ እያንዳንዳቸው በዓመት 180 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ሊሰጡ ይችላሉ። አምስቱ በዓመት 900፣ በሳምንት 17 ያህል መሆኑ ነው። ሕፃኑ በየቀኑ አንድ ቢመገብ እንኳ በሳምንት አሥር እንቁላል ለገበያ ይተርፋል። እንዲህ ሲሆን እናቲቱ ከልጇና ከጨው አንዱን ለመምረጥ አትገደድም። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮን፣ ወተትን፣ ማርንና ዓሣን ወደ አርሶ አደሩ ማዕድ ለማድረስ ያቀደውም ይህንኑ አስቦ ነው።

ሒሳቡ እንዲሠራ ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው መኖ ነው። የተሻሻለች ዶሮ ደጅ ጭራ በምታገኘው ብቻ 180 እንቁላል አትጥልም። ሁለተኛው ክትባት ነው፤ የፈንግል በሽታ ከገባ የአንድ መንደር ዶሮ በጥቂት ቀናት ሊያልቅ ይችላል። ሦስተኛው ማደሪያ ነው። ዶሮዎች ከሰው ጋር አንድ ቤት ሲያድሩ፣ ኩሳቸውም ግቢ ውስጥ ሲበተን፣ በዳዴ የሚሄድ ሕፃን እጁን መሬት አሳርፎ ወደ አፉ ይከታል። በዚህ ሳቢያ የሚመጣው ተደጋጋሚ ተቅማጥ ከእንቁላሉ ያገኘውን መልሶ ይወስድበታል። ስለዚህ የዶሮ ቤት ከመኖሪያው ተለይቶ መሠራት፣ የሕፃኑ መዳሂያም መጠበቅ አለበት።

ወተትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ቅቤው ለገበያ ቢወጣ እንኳ አሬራውና አይቡ ቤት ይቀራሉ። በእነዚህ ውስጥ የወተቱ ፕሮቲንና ካልሲየም አብዛኛው አለ። ወተት ለልጅ ሲሰጥ መፍላት አለበት፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የእናቱን ጡት ተክቶ ሳይሆን ከገንፎው ጋር ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ከጓሮ እስከ ሳህን

ከቤት ጀርባ ያለች ጥቂት ካሬ ሜትር መሬት የሕፃንን የአትክልት ፍላጎት ለመሸፈን ትበቃለች። ካሮት፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ቲማቲም በአጭር ጊዜ ይደርሳሉ። ዱባ አጥር ላይ ይወጣል፤ ሲደርስም ሳይበላሽ ለብዙ ሳምንት ይቀመጣል። በወይና ደጋና በቆላ ፓፓያ በአንድ ዓመት አካባቢ ፍሬ መስጠት ይጀምራል። ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ የስኳር ድንች ዝርያ በቫይታሚን ኤ ምንጭነቱ የታወቀ ሲሆን ሕፃናትም በጣፋጭነቱ ይወዱታል። እንደ ዋግ ኽምራ ባሉ ደረቅ አካባቢዎች ድርቅን የሚቋቋመው ሽፈራው ቅጠሉ ለልጅም ለአዋቂም ይሆናል።

የጓሮ አትክልት ትልቁ ችግር የበጋ ውኃ ነው። ለዚህም እህል የታጠበበትንና ዕቃ የተለቀለቀበትን ውኃ ማጠራቀም፣ መደቡን በገለባ ሸፍኖ ርጥበቱን ማቆየት፣ ቦታ የጠበበው ደግሞ አፈርና ፍግ በሞላ ጆንያ ላይ መትከል ይችላል። ዘሩ አንድ ጊዜ ከሚዘራ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢዘራ አትክልቱ በተራ ስለሚደርስ ከቤት አይጠፋም።

በካሮት፣ በዱባና በቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያለው ለቫይታሚን ኤ መገኛ የሚሆን ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት የሚገባው ቅባት ሲያገኝ በመሆኑ፣ ሲበስሉ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ መጨመር ያስፈልጋል። በጤፍና በጥራጥሬ ያለው ብረት ደግሞ ከቲማቲም፣ ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጋር ሲበላ የተሻለ ጥቅም ይሰጣል። በተቃራኒው ሻይ ብረቱን አስሮ ስለሚያስቀር ለልጅ ዳቦ በሻይ ማቅረብ አይመከርም።

ምጥን ዱቄትና ብቅል

 ቤተሰቡ የሚሸጠውንና የሚያስቀረውን የሚለየው የመኸር ሰብል በሚሰበሰብበት ወቅት በመሆኑ የልጁ ድርሻም በዚያው ጊዜ ሊለይ ይገባል።

በቆሎ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ለሰውነት ግንባታ ከሚያስፈልጉት የፕሮቲን ክፍሎች ሁለቱ ያንሱታል። ከባኮና ከመልካሳ የምርምር ማዕከላት የወጡ ፕሮቲናቸው የተሻሻለ የበቆሎ ዝርያዎች ይህን ጉድለት ለማቃለል የተዘጋጁ ናቸው። እነዚህን ያላገኘ አርሶ አደርም በቆሎውን፣ ጤፉን ወይም ገብሱን ከሽንብራ፣ ከባቄላ ወይም ከምስር ጋር ቢያቀላቅል አንዱ የአንዱን ጉድለት ይሞላል። ለሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ ጥሩ ምጣኔ ነው። ጥራጥሬው ተለቅሞ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተቆልቶና ተከክቶ ቢፈጭ ለሕፃን ሆድ ይስማማል። ሻጋታ የነካው በቆሎና ኦቾሎኒ ግን ለልጅ ዱቄት መግባት የለበትም። ጓያም ለሕፃን ምጥን አይመረጥም።

ቀጭን ሙቅ ሌላው ችግር ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ውኃው የበዛ ሙቅ ቶሎ ይሞላዋል፤ ነገር ግን አይመግበውም። ገንፎው በማንኪያ ሲነሳ የማይፈስ መሆን አለበት። ወፍራሙ ለመዋጥ ካስቸገረ እናቶች ለጠላ የሚያውቁት ብቅል መላ አለው። ጥቂት የብቅል ዱቄት ትኩስ ገንፎ ላይ ጨምሮ ማማሰልና መልሶ ማፍላት ውኃ ሳይጨመር ያላላዋል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ላለ ሕፃን በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ጊዜ መመገብ ያስፈልጋል። የእናት ጡትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል።

ልጁ እንዲበላ

ምግቡ ተዘጋጅቶም ልጁ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። አዲስ ጣዕም የቀመሰ ልጅ መትፋቱ የተለመደ ነው። አንዴ ተፋው ተብሎ መተው ወይም አፍንጫውን ይዞ መጋት ሁለቱም አይጠቅሙም። ያንኑ ምግብ በሌላ ቀን፣ በጥቂቱ፣ ልጁ በሚወደው ላይ ጨምሮ ደጋግሞ ማቅረብ ይበጃል። አንዳንድ ልጅ አዲሱን ምግብ የሚለምደው ከአሥር ጊዜ ሙከራ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ከአዋቂዎች ጋር በአንድ ትሪ የሚቀርብ ልጅ ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ታላላቆቹ ፈጥነው ሲጨርሱ እርሱ ያለቀበት ላይ ይደርሳል። የራሱ ሳህን ካለው ግን እናቱም አባቱም ያዩለታል። የጎደለውን መሙላት፣ እያጫወቱ ማጉረስና እስኪጨርስ መታገሥ የእናት ብቻ ሥራ ሊሆን አይገባም። ማሳ ውሎ የገባ አባት ልጁን ሲያጎርስ ልጁ ይበላል፤ አባትም ልጁ ምን እንደሚበላ ያውቃል።

ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ የሚሻለው ምግቡን ራሳቸው እንዲያለሙት ማድረግ ነው። በገጠር ለልጅ ጫጩት ወይም ግልገል የአንተ ናት ብሎ መስጠት የቆየ ወግ ነው። ልጁ እየጠበቀ፣ እያበላ ያሳድጋታል። ዶሮዋ እንቁላል ስትጀምር ግን ብዙ ጊዜ ሁሉም ለገበያ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ልጁ ራሱ ቢበላ ወጉ ሙሉ ይሆናል። ጓሮው ውስጥም አንዲት መደብ ለልጆች ቢሰጥ፣ ራሳቸው የዘሩትን ካሮት ነቅለው አጥበው ለመብላት ልመና አያስፈልጋቸውም። በትምህርት ቤቶች የሚለማው የአትክልት ቦታም ተማሪው ዘርና ዕውቀት ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ከሆነ ጥቅሙ ከግቢው አጥር ያልፋል።

ገበያ መሄዱ አይቀርም፤ አርሶ አደሩ ጨውም፣ ሳሙናም፣ ደብተርም ያስፈልገዋል። የሚጠየቀው ቅርጫቱ ከመሞላቱ በፊት የልጁ ድርሻ እንዲነሳለት ነው። ይህን ለመወሰን አዲስ በጀት ወይም ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ አያሻም። ባልና ሚስት የሚሸጠውንና የሚበላውን ቁጭ ብለው መለየታቸው፣ የግብርናና የጤና ባለሙያዎችም በዚያው ውይይት ላይ አብረው መገኘታቸው ይበቃል።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይባላል። በብዙ ቤት እስካሁን የሄደው ወደ ገበያ ነው። ጥቂቱ ወደ ልጁ ሳህን ቢመለስ በእግሩ ጸንቶ የሚሄደው ልጁ ይሆናል።